ከከተማው በላይ የተኛው ውሃ

ወንዙ ቀነሰ የሚለውን ወሬ ሀዋኒ ለታ የሰማችው ሰኞ ማለዳ፣ ከደጇ ሳትወጣ ነው። ወሩ ነሐሴ ነበር። ዝናቡ ቀን ከሌት ሳያባራ ሰንብቷል፤ የገብሱ ማሳ ተኝቷል፤ ከሮቤ ወደ ዲንሾ የሚወስደው አስፋልት ግራና ቀኙ ያለው ቦይ ሁሉ እየገነፈለ መንገዱን ያጥባል። የቦሩ ወንዝ ብቻ ድንጋዩ ፈጦ፣ ሴቶች ቀሚሳቸውን ሳይሰበስቡ የሚሻገሩት ሆኖ አደረ።

«እግዜር ሲምረን ነው» አለች ወተት ያመጣችላት ጎረቤቷ።

ሀዋኒ ግን ሌላ ነገር ጠረጠረች። እንዲህ እየዘነበ ወንዝ የሚጎድልበት ምክንያት አንድ ብቻ መሰላት፤ ውሃው የሆነ ቦታ ቆሟል ማለት ነው።

የመልካ ቦሩ ከንቲባ ከሆነች ሁለተኛ ክረምቷ ነው። መልካ ቦሩ ትንሽ ከተማ ናት። አንድ ዋና መንገድ፣ የሐሙስ ገበያ፣ ፊት ለፊት የቆሙ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን፣ ከበታች ደግሞ ወንዙን ተከትሎ የተሠራው «ወንዝ ዳር» የሚሉት ሰፈር አላት። ሀዋኒ ወደዚህች ከተማ የመጣችው በዚያው ሰፈር ሰበብ ነው። የእሷ ነገር ግን የሚጀምረው ከጎባ ነው።

አባቷ ኦቦ ለታ ጎባ ውስጥ የፍርድ ቤት ተላላኪ ነበሩ። ባለጉዳይ ይጠራሉ፣ መዝገብ ያመላልሳሉ፣ ችሎት ሲያበቃ ወንበር ያስተካክላሉ። ልጃቸው ከትምህርት ቤት ስትመለስ ግቢው ውስጥ ካለው ትልቅ ጥድ ሥር ተቀምጣ ትጠብቃቸዋለች። የተፈረደባቸው ሰዎችም ከችሎት ሲወጡ የሚያርፉት እዚያው ጥድ ሥር ነበር። ለብቻቸው ይከራከራሉ፤ እጃቸውን እያወራጩ፣ የሌለ ዳኛ እየጠሩ፣ ውስጥ ያላሉትን ሁሉ ይሉታል። ሀዋኒ ውሃ ታቀብላቸዋለች፣ ክርክራቸውንም ትሰማለች። አንድ ቀን አባቷን «እዚያ ውስጥ ለምን እንዲህ አላሉም?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«እዚያ ሲገቡ አፋቸው ይደርቃላ» አሏት።

ጠበቃ የሆነችው አፋቸው ለደረቀ ሰዎች ስትል ነው ቢባል እሷ ራሷ ትስቃለች፤ ክርክር ስለምትወድም ነው። ሕግ ተምራ ተመለሰች፤ ጥቂት ጊዜ ዐቃቤ ሕግ ሆና ሠራች፤ ሰው መክሰስ አልሆነላትምና ሮቤ ላይ ከአንድ ፋርማሲ በላይ ካለው ፎቅ ቢሮ ተከራይታ ጥብቅና ጀመረች። ከደብረ ብርሃን መጥቶ ኬሚስትሪ የሚያስተምረውን ኪዳነማርያምን አገባች፣ ልጆች ወለደች። የሮቤ ሰው «አፏ ምላጭ ነው» ይላት ነበር። ሲፈልጋት በአድናቆት፣ ሲከሰስ ደግሞ በፍርሃት።

ስሟ የገነነው በወንዝ ዳር ጉዳይ ነው። የያኔው የመልካ ቦሩ ማዘጋጃ ቤት፣ ሰፈሩ ለጎርፍ የተጋለጠ ነውና ነዋሪው ይነሣ ሲል ማስታወቂያ ለጠፈ። በዚያው ሰሞን ቦታው ለሆቴል ተፈልጓል የሚል ወሬ ከተማውን ሞላው። የሰፈሩ ሰዎች አንድ ሚኒባስ ሞልተው ሮቤ መጡና ቢሮዋ ገቡ። ከፊታቸው የነበሩት ኦቦ ኡመር ናቸው፤ ከሪራ ጫካ ማር እያወረዱ የሚነግዱ፣ ጺማቸው በሂና የቀላ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው።

ችሎቱ ላይ ማዘጋጃ ቤቱ አንድ መሐንዲስ ምስክር አቀረበ። ሀዋኒ ተነሥታ ጠየቀችው። «በዚህ ሰፈር ጎርፍ ሰው የወሰደው መቼ ነው?»

«የተመዘገበ የለም። ግን ሊመጣ ይችላል» አላት።

«ጎርፉ የሚመጣው ከወንዙ ነው ወይስ ከማዘጋጃ ቤቱ?»

ችሎቱ በሳቅ ተሞላ፤ መሐንዲሱ አቀረቀረ። ሰፈሩም ረታ። ያቺ ንግግሯ ተረት ሆና ቀረች። መልካ ቦሩ ውስጥ መብራት ሲጠፋ፣ ስኳር ሲወደድ፣ «ከወንዙ ነው ወይስ ከማዘጋጃ ቤቱ?» ይባባላሉ።

ከዓመት በኋላ የቀድሞው ከንቲባ ተነሡና ሹመቱ ለእሷ መጣ። ኪዳነማርያም አልወደደላትም። «ጠበቃ ጠያቂ ነው፤ ከንቲባ ግን ተጠያቂ ነው። አንቺ ሰው መጠየቅ እንጂ በሰው መጠየቅን አትችይበትም» አላት። እሷ ግን የረቱት ሰዎች ዛሬም ከወንዝ እየቀዱ እንደሚጠጡ ታውቅ ነበር። ፍርዱ ቤታቸውን አቆየላቸው እንጂ ቧንቧ አላስገባላቸውም። ሄደች። በመጀመሪያው ዓመት ቧንቧውን አስገባች፤ ኦቦ ኡመርም የመጀመሪያውን ጣሳ ውሃ ጠጥተው መረቋት።

እንግዲህ ያን ሰኞ ሀዋኒ የከተማውን መሐንዲስ ፍቅርአዲስን ጠራቻትና በማዘጋጃ ቤቱ ፒክአፕ ወንዙን ተከትለው ሽቅብ ወጡ። ፍቅርአዲስ ከጎጃም ተመድባ የመጣች፣ ብርዱን ገና ያልለመደች፣ ሁለት ሹራብ ደርባ የምትሠራ ልጅ ናት። መንገዱ ሲያልቅ በእግር ቀጠሉ። ጭቃው ጫማቸውን እየነጠቃቸው ከሸለቆው አፋፍ ደረሱ።

ተራራው ግማሽ ፊቱ የለም። ከነዛፉ፣ ከነአለቱ ተንዶ ሸለቆውን ከዳር እስከ ዳር ዘግቶታል። ከናዳው ጀርባ ውሃ ተኝቷል፤ ቡናማ፣ ሰፊ፣ ምንም የማይንቀሳቀስ። መሃሉ ላይ የኮሶ ዛፍ ጫፎች ብቻ ብቅ ብለው ይታያሉ።

ፍቅርአዲስ ናዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይኗ ለካች። በኋላ «ይሄ ግድብ አይደለም፤ አፈር ነው» አለች። «ውሃው ጫፉ ላይ ሲደርስ አፈሩን ይቦረቡረዋል። ከጀመረ አይቆምም።»

«መቼ?»

«አላውቅም። ዛሬም ሊሆን ይችላል፣ ሳምንትም ሊቆይ ይችላል። የሚወስነው ዝናቡ ነው።»

«ማሽን አምጥተን በጎን ብናስቆፍር?»

«በየት በኩል ይገባል? እኛ ራሳችን በስንት መከራ ነው የደረስነው።»

ሀዋኒ ቁልቁል አየች። ወንዙ ታጥፎ ታጥፎ ሲያበቃ የወንዝ ዳር ቆርቆሮዎች ይታያሉ። ከአንዱ ቤት ጭስ ይወጣል። ዝናቡ እንደገና ጀመረ።

ከሰዓት በኋላ የሰፈሩን ሰው ሰበሰበችና ያየችውን ነገረችው። ከገበያው በላይ ያለው ትምህርት ቤት ለክረምቱ ባዶ ስለሆነ እዚያ እንዲያርፉ፣ ለዕቃ ማመላለሻ አይሱዙ እንደታዘዘ አስረዳች። ከኋላ አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ አልታያትም፣ «ከወንዙ ነው ወይስ ከማዘጋጃ ቤቱ?» አለ። አንዳንዱ ሳቀ።

ኦቦ ኡመር ቀስ ብለው ተነሡ። «ልጄ» አሏት፤ ከንቲባ ከሆነች ወዲህም አጠራራቸውን አልቀየሩም። «ወንዙን አየሽው? ሕፃን ይሻገረዋል። በዚህ ወንዝ ነው የምታስፈራሪን?»

«የቀነሰው እኮ ከላይ ስለታገደ ነው፣ ኦቦ ኡመር።»

«ያኔም እንዲህ ነበር ያሉን። ጎርፍ ይመጣል፣ ለጊዜው ውጡ፣ ትመለሳላችሁ። አትመኗቸው፣ የወጣ አይመለስም ያልሽን አንቺ ነሽ። እኛ ቃልሽን ይዘን ነው የኖርነው። የትኛዋን ሀዋኒ እንመን? የዱሮዋን ነው የዛሬዋን?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ለምስክር ስታቀርብ የኖረችው እሷ ነበረች። ከኦቦ ኡመር በስተኋላ ሴት ልጃቸው ሰብሪና ከደጃፍ ቆማ ታያለች፤ ከወለደች ሳምንት አልሞላትም፤ ሕፃኑን በጋቢ ጠቅልላ ይዛዋለች።

«ቢያንስ ሰብሪናን ላስወጣት» አለች ሀዋኒ።

«አራስ በዝናብ ከቤት አይወጣም» አሉ ሽማግሌው፤ ስብሰባውም በዚሁ ተበተነ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ለሊሳ ቢሮዋ ገባ። ለሊሳ ጥብቅና የለመደው ከእሷው ዘንድ ነው፤ አቤቱታ መጻፍ ያስተማረችው እሷ ናት። አሁን የወንዝ ዳር ጠበቃ ሆኗል። ያመጣውን ወረቀት በሁለት እጁ አቀረበላትና ሳይቀመጥ ቆመ። ማዘጋጃ ቤቱ የሰፈሩን ቤቶች እንዳያፈርስ፣ ነዋሪዎቹንም በኃይል እንዳያስነሣ የሚያዝ፣ በዚያው ጠዋት ከሮቤ የወጣ የፍርድ ቤት እግድ ነበር።

«አዴ ሀዋኒ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። «እርስዎ ቢሆኑም ይህንኑ ያደርጉ ነበር።»

«አደርግ ነበር» አለችው። «ሄደህ ውሃውን አይተኸዋል?»

«ደንበኞቼ የነገሩኝን ነው ያቀረብኩት።»

«ያንንም ያስተማርኩህ እኔ ነኝ።»

የፖሊስ አዛዡን አስጠራች። አዛዡ እግዱን አንብቦ መለሰላትና «በዚህ ላይ ሰው ልኬ ሰው አላስወጣም» አላት። ልክ ነበር። ጠበቃ ሆና በኖረችበት ዘመን ሁሉ የፍርድ ቤት ትእዛዝ የጣሰ ባለሥልጣን ስታይ ደሟ ይፈላ ነበር። ከክልል የተጠራው ቡድን መንገድ ላይ ነው ይላሉ፤ ግን ከዲንሾ ወዲያ መንገዱ በሁለት ቦታ ተቆርጧል። ፍቅርአዲስ ከተራራው ስልክ የሚሠራበት አንድ አፋፍ አግኝታ በየሰዓቱ ትደውላለች። ውሃው ሽቅብ እየመጣ ነው። ትናንት ይታዩ የነበሩት የኮሶ ጫፎች ዛሬ የሉም።

ሀዋኒ መኪናውን አስነሥታ ወንዝ ዳር ወረደች። ኦቦ ኡመር ከመስጊድ ሲመለሱ መንገድ ላይ አገኘቻቸው።

«ከእኔ ጋር ይውጡና ይዩት» አለቻቸው። «አይተው ውሸት ነው ካሉ ሁለተኛ አፌን አልከፍትም።»

ሽማግሌው አዩዋት። ከዚያ መኪናው ውስጥ ገቡ።

አፋፉ ላይ ሲደርሱ ጉም ሸለቆውን ሞልቶታል። አንድ ክንድ ከፊታቸው አይታይም። ፍቅርአዲስ በብርድ ከንፈሯ ጠቁሮ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ቆሙ። ሰዓቱ ይሄዳል፤ ጉሙ አይሄድም። ሀዋኒ የሽማግሌውን ፊት ሰረቅ አድርጋ ታያለች። «እንግዲህ ልጄ፣ ጉም አሳየሽኝ» ብለው ቢመለሱስ? የምትለምንበት ቃል ፈለገች፤ ምላጭ ነው የሚሉት አፏ ደረቀ።

ኦቦ ኡመር ግን እያዳመጡ ነበር። የጫካ ሰው ናቸው፤ ቀፎ ፍለጋ ሲዞሩ ያደጉ። «ከላይ ፏፏቴ ነበረ» አሉ በመጨረሻ። «ልጅ ሆኜ በዚህ ሳልፍ ድምፁ ጆሮ ይደፍን ነበር። የት ሄደ?»

«ከውሃው ሥር ነው» አለች ፍቅርአዲስ።

ጥቂት ቆይቶ ነፋስ መጣና ጉሙ ተቀደደ። ለአፍታ ነው የታየው። ውሃው ከናዳው ጫፍ በታች የቀረው ትንሽ ነው፤ ከግራ በኩል ደግሞ እንደ ክር የቀጠነ ምንጭ አፈሩን እያጠበ ወደ ታች መንጠብጠብ ጀምሯል። ኦቦ ኡመር አንዲት ነገር በዐረብኛ አጉረመረሙና ፊታቸውን በሁለት መዳፋቸው አበሱ።

መኪናው ውስጥ ሆነው «እኔ እወጣለሁ» አሉ። «ሰው ግን አይወጣም። ከመኪናሽ ስወርድ አይቶ ኡመር ተገዛ ይላል። እውነቴን ነው የምነግርሽ፤ እነዚህ ሰዎች ጎርፍን አይደለም የሚፈሩት። የሚፈሩት ከወጡ በኋላ ቦታችሁ አይደለም መባልን ነው። በእጃቸው ያለችው ያቺ ፍርድ ብቻ ናት። ለቀው ሲወጡ እሷም የምትቀር ይመስላቸዋል።»

ሀዋኒ መኪናውን ወደ ዳር አቆመች። ይሄ የምታውቀው ነገር ነው። እግዱን በልቧ ደግማ አነበበችው። ማዘጋጃ ቤቱ እንዳያፈርስ፣ ማዘጋጃ ቤቱ በኃይል እንዳያስነሣ። ነዋሪው ራሱ ወዶ ቢነሣ የሚከለክል ቃል የለበትም።

«ለሊሳን እፈልገዋለሁ» አለች።

ረቡዕ ጠዋት ከለሊሳ ጋር በአንድ መኪና ሮቤ ወረዱ። ለሊሳ ማክሰኞ ማምሻውን ተራራው አፋፍ ድረስ ሄዶ ተመልሷል፤ ሌሊቱን ሁለቱ ስምምነት ሲያረቅቁ አድረዋል። ችሎቱ ፊት ያለው አግዳሚ ላይ ተራ ሲጠብቁ የሀዋኒ ስልክ ጮኸ። ፍቅርአዲስ ናት። «ክርዋ ወፍራለች። ክንድ አክላለች» አለች። ስልኩ ተቋረጠ።

ከፊታቸው የውርስ ጉዳይ ነበር። አንድ ሰውዬ ስለ አንድ በሬ ረጅም ታሪክ ያወራል። ሀዋኒ ረቂቁን አውጥታ እንደገና አነበበች።

ተራቸው ሲደርስ በኦሮምኛ ተናገረች። ማዘጋጃ ቤቱ እግዱን አይቃወምም አለች። ይልቁንም ሁለቱ ወገኖች ተስማምተዋልና ስምምነታቸው ይመዝገብላቸው። ነዋሪዎቹ በፈቃዳቸው ለጊዜው ቢለቁ መብታቸው አይነካም፤ ቤታቸው ቢጠፋ ከገበያው በላይ ካለው ሜዳ ምትክ ቦታ ያገኛሉ።

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። «ወይዘሮ ሀዋኒ፣ እዚህ ቦታ ቆመው በዚያ ሰፈር የጎርፍ አደጋ የለም ብለው አልተከራከሩም?»

«አደጋ መኖሩ በማስረጃ አልተረጋገጠም ብዬ ነው የተከራከርኩት፣ ክቡር ፍርድ ቤት። አሁን ማስረጃው ከከተማው በላይ ተኝቷል።»

«ያ ሜዳ ለመናኸሪያ የተያዘ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። የምክር ቤቱ ውሳኔ አለዎት?»

ይሄን ጥያቄ ጠብቃው ነበር። ምክር ቤቱን የምትሰበስብበት ጊዜ የላትም፤ ቢሰበሰብም አይፈቅድላትም። «ማዘጋጃ ቤቱን ወክዬ የምፈርመው እኔ ነኝ» አለች። «ኃላፊነቱም የእኔ ነው።»

ለሊሳ በጎን አያት። ምን እየፈረመች እንደሆነ ገብቶታል። ዳኛው ጥቂት አሰቡና አስመዘገቡላቸው።

እኩለ ቀን ሲሆን መልካ ቦሩ ደረሱ። ለሊሳ ከመኪናው ወርዶ የሰፈሩን ሰው ሰበሰበና ማኅተም ያለበትን ወረቀት ከፍ አድርጎ አነበበላቸው። ሰው ያጉረመርማል፤ አንዱ ወረቀት እንደ ወረቀት ነው ይላል፣ ሌላው እስከ ነገ እንየው ይላል። በዚህ መሃል የቆርቆሮ መንቋቋት ተሰማ። ሁሉም ዞረ። ኦቦ ኡመር ጣሪያቸው ላይ ወጥተዋል። መዶሻ ይዘው፣ ሸሚዛቸውን ጠቅልለው፣ የገዛ ቤታቸውን ቆርቆሮ አንድ በአንድ እየነቀሉ ወደ ታች ይጥላሉ። ሰብሪና ሕፃኑን አቅፋ፣ ላይዋ ላይ ሸራ ተደርቦላት ሽቅብ መንገዱን ይዛለች።

ያን ጊዜ አንድ ሰው ሄዶ የሚወርደውን ቆርቆሮ መቀበል ጀመረ። ሌላው ወደ ቤቱ ሮጠ። ብዙም ሳይቆይ ሰፈሩ ሁሉ መዶሻ በመዶሻ ሆነ። አይሱዙው ጭቃው ውስጥ ስለተያዘ ዕቃውን ያወጣው በአብዛኛው የጃርሶ ጋሪ ነው። ጃርሶ ሰፈሩ ውስጥ በታችኛው ቤት የሚኖር ጋሪ ነጂ ነው፤ ሚስቱንና የራሱን ዕቃ ቀድሞ አውጥቶ የሌላውን ሲያመላልስ ዋለ። አቀበቱን ሲወጣ ከፈረሱ ጎን ሆኖ ጋሪውን በትከሻው ይገፋል።

አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ሰፈሩ ከሞላ ጎደል ባዶ ሆነ። ሀዋኒ አቀበቱ ራስ ላይ ቆማ ስም እየጠራች ትቆጣጠራለች። ጃርሶ ባዶ ጋሪውን ይዞ አጠገቧ ቆመ።

«አንድ አልጋ ቀርቷል። ልመለስ?» አላት።

ወንዙን አየችው። እንደ ጠዋቱ ቀጭን ነው። ዝናቡ ጋብ ብሏል። ፍቅርአዲስ ከደወለች ብዙ አልቆየም፤ ለውጥ የለም ብላለች።

«ሂድ፣ ግን ቶሎ ተመለስ» አለችው።

ጋሪው መታጠፊያውን እንዳለፈ ስልኳ ጮኸ። ፍቅርአዲስ የምትለው አይሰማም፤ ነፋስ ብቻ ነው የሚሰማው። ቀጥሎ አንዲት ቃል ጥርት ብላ ተሰማች፤ «ለቀቀ።»

ሀዋኒ እየጮኸች ቁልቁል ሮጠች። ለሊሳ ከኋላ ደርሶ ወገቧን ያዛት። መጀመሪያ የመጣው ድምፅ ነው፤ ከላይ እንደ ብዙ ከባድ መኪና ያጓራል። ከዚያ ሽታ መጣ፤ የተገለበጠ አፈር ሽታ። ከዚያ ከሸለቆው ውስጥ ውሃ ሳይሆን ግድግዳ ወጣ፤ ግንድ፣ አለት፣ ጭቃ አንድ ላይ። ፈረሱ ብቻውን፣ የተበጠሰ ልጓም እየጎተተ ሽቅብ ሲጋልብ አዩት። ወንዝ ዳር የሚባለው ሰፈር ከዚያ በኋላ የለም።

ጃርሶን በሁለተኛው ቀን አገኙት፤ ከከተማው ብዙ ራቅ ብሎ፣ ወንዙ ሜዳ ላይ በሚዘረጋበት ቦታ። ከመላው ሰፈር የሞተው እሱ ብቻ ነው። ሰው ይህን እያነሣ ከንቲባዋን አመሰገናት። ምስጋናውን የምትቀበልበት ፊት አልነበራትም። ኪዳነማርያም ከሮቤ መጥቶ አጠገቧ ሰነበተ። ትተኛለች፣ ትነሣለች፣ ቢሮ ትሄዳለች።

ከቀብሩ በኋላ የጃርሶ ሚስት ወለተሥላሴ ቢሮዋ መጡ። ጥቁር ለብሰዋል። ሀዋኒ ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸው።

«ሰው ብዙ ያወራል» አሉ ሴትዮዋ። «ከአፍሽ ልስማው ብዬ ነው። አንቺ ነሽ የላክሽው?»

ሀዋኒ መከላከያ ታውቃለች። አላዘዝኩትም፤ ራሱ ጠየቀ፤ የተነገረኝ መረጃ ለውጥ የለም የሚል ነበር። እያንዳንዱ እውነት ነው። እያንዳንዱን ለደንበኛ ብታቀርበው ያስረታል።

«ልመለስ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሂድ አልኩት» አለች።

ወለተሥላሴ መሬት መሬት አዩ። «አልጋው የማን ነበር?» አሉ።

«የሰብሪና ነው፣ የኦቦ ኡመር ልጅ። ሕፃኑ መሬት ላይ እንዳይተኛ ብሎ ነው።»

«እንግዲህ አራስ ናት» አሉ ሴትዮዋ። ይቅር ብዬሻለሁም፣ አልምርሽምም ሳይሉ ተነሥተው ወጡ። ሀዋኒ በር ድረስ ሸኘቻቸው፤ ከዚያ ተመልሳ ገብታ በሩን ዘጋችው።

ምክር ቤቱ የተሰበሰበው በመስከረም ነው። ለመናኸሪያ የተያዘውን ሜዳ ያለ ውሳኔ መስጠቷ ቀረበባት። አንድ የምክር ቤት አባል ሰው ያተረፈች ሴት እንዴት እንዲህ ትጠየቃለች አለ፤ ሌላው ሕግ የጣሰ ሁሉ ሰው ሳተርፍ ነው ካለማ ሕግ አልቋል ብሎ መለሰለት። ሀዋኒም በልቧ ሁለተኛው ልክ ነው አለች። እጅ አውጥተው ከሥልጣን አነሷት። ቁልፉን አስረክባ ወጣች፤ ማንም ደጃፍ ላይ አልጠበቃትም፤ የገበያ ቀን ነበር።

አሁን ሮቤ ነች፤ ያን ከፋርማሲው በላይ ያለውን ቢሮ ሌላ ሰው ስለያዘው ከከተማው መናኸሪያ አጠገብ ጠባብ ክፍል ተከራይታለች። የወንዝ ዳር ሰዎች ሜዳው ላይ ቤት ሠርተዋል። አዲሱ አስተዳደር ግን ቦታው ያለ ሥልጣን የተሰጠ ነው ብሎ ይዞታቸውን አላጸድቅም ብሏል። ለሊሳ ተከራካሪያቸው ነው። ባለፈው ሳምንት ቢሮዋ መጥቶ፣ በዚህ ጉዳይ እርስዎን ምስክር አድርጌ እጠራለሁ አላት፤ ስምምነቱን ስትፈርም ሥልጣን እንደሌላት ታውቅ እንደነበር ሌላው ወገን አጥብቆ መጠየቁ አይቀርም፤ አውቅ ነበር ካለች ሰዎቹ ሜዳውን ሊያጡ ይችላሉ።

«ምን ልመልስ?» አለችው፤ ሳታስበው የጠበቃ ምክር ስትጠይቅ።

«የሆነውን» አላት።

ቀጠሮው ለኅዳር ነው።